የባለትዳር ሴት ደመወዝ

ስለ እኩልነት በተከራከርን ቁጥር አንድ ጉዳይ ሳይነሣ ይቀራል። ይኸውም ባለትዳር ሴት ሠርታ ባገኘችው ገንዘብ ላይ ሥልጣን አላት ወይ የሚለው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ያው ሕግ ደመወዟን ራሷ እንድትቀበል መፍቀዱን ብዙዎቻችን አናውቅም። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ከሚስት ደመወዝና ገቢ በቀር ያለውን የጋራ ሀብት የሚያስተዳድረው ባል ነበርና፣ ገንዘቡ ብር ሆኖ ሳለ በእርሷ እጅ ይቆይና አልጋና ቁም ሣጥን በሆነ ጊዜ ወደ እርሱ ሥልጣን ይዛወር ነበር። ሴትዮዋ ባለገንዘብ የምትሆነው ሳትገዛበት እስከ ቆየች ድረስ ነበር ማለት ነው!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሴቶች ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የባልን የበላይነት ሽሮ፣ የጋራ ሀብት በሁለቱ በአንድነት እንዲተዳደር አዘዘ።

ሕጉ ይህን ቢልም፣ የባንክ ካርዷ በባሏ ኪስ የሚያድር መምህርትና ነርስ ዛሬም አሉ። ለታክሲ ስትጠይቅ «ትናንት የሰጠሁሽስ?» ትባላለች። ለእናቷ ጥቂት ብር ለመላክ ብላ በድብቅ ዕቁብ ትገባለች። እርሱ ግን ለወንድሙ ሲልክ የሚያማክረው የለም፤ ከጓደኞቹ ጋር የጠጣበትማ ከወጪ አይቆጠርም።

«ባልና ሚስት አንድ ናቸው፤ በፍቅር መካከል ሒሳብ ምን አመጣው?» የሚሉ አሉ። ገንዘብን ማዋሐዱን አንቃወምም፤ ሕጉም ቢሆን የሁለቱንም ገቢ የጋራ ያደርገዋል። ነገር ግን ሒሳብ ለፍቅር የማይስማማ ከሆነ፣ በየቀኑ ሒሳብ የምታቀርበው እርሷ ብቻ የሆነችው ስለ ምንድን ነው? የጋራ አስተዳደር ማለት የእርሱም ደመወዝ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ እርሷም «ይህ ለምን ወጣ?» ብላ ትጠይቃለች ማለት ነው። በክርክር መድረክ ስለ ሴቶች ነጻነት አጥብቀን የምንናገር ወንዶች ይህን ጥያቄ በቤታችን ልንታገሠው ዝግጁ ነን? ጥቂቶቻችን ብቻ እንዳንሆን ያሠጋል።

ከዚህ ግቢ የሚመረቁ እኅቶቻችን ብዙዎቹ ደመወዝና ትዳር ተከታትለው ይመጡባቸዋል። የሕግ ተማሪ ጓዶቻችን ስለ ባልና ሚስት ሀብት የተጻፉትን አንቀጾች ባንድ ገጽ አትመው፣ ከምረቃው በፊት በሴቶች ማደሪያ በር ላይ እንዲለጥፉልን እንጠይቃለን። በወንዶቹም ማደሪያ በር ላይ ይለጠፍ።