ተሳፋሪው አቤት የሚለው ለማን ነው?

የተከበራችሁ የባሕር ዳር መራጮች!

በ2015 ዓ.ም. ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የአዲስ አበባ የመኪና መንገድ አስጊ ሆኗል። ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ሳይቀር ተበድሮ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ በረራ ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል። በረራው ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ ምክንያቱ በወቅቱ ሊነገረው ይገባል። ካልተነገረውስ ለማን አቤት ይበል? በ2009 ዓ.ም. የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተዋሕዷል፤ አጓጓዡም የኤርፖርቱ አስተዳዳሪም አንድ ሆነዋል። ተቆጣጣሪው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ቢሆንም፣ ይህ አሠራር ተገቢ አይደለም።

በአየር መንገዳችን እንኮራለን፤ ኩራት ግን ከተጠያቂነት አያድንም። እኛ ከተመረጥን፦

• የኤርፖርቶችን አስተዳደር ከአጓጓዡ እንለያለን፤
• ለተሰረዘ በረራ ካሣ ሳይጓተት እንዲከፈል እናደርጋለን፤
• በየኤርፖርቱ ከአየር መንገዱ ነፃ የሆነ የአቤቱታ ጽሕፈት ቤት እንከፍታለን።

መብታችሁን በድምፃችሁ አስከብሩ!