የቅዳሜ ማታው ፊልም ለምን ይቀራል?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን፣ ቅዳሜ ማታ በአዳራሹ የሚታዩት የድሮ የካራቴና የካውቦይ ፊልሞች ቀርተው በምትካቸው «ቁም ነገር ያላቸው» ብቻ እንዲታዩ ማኅበራችንን ጠይቋል። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጨዋ ጽሑፍ ነው፤ ለእኛ አስቦ እንደ ጻፈውም አልጠራጠርም። ነገር ግን እነዚህን ፊልሞች «የድኻ ፊልም» ብሎ ከጠራበት ላይ ስደርስ ዝም ማለት አቃተኝ። የድኻ ፊልም መሆናቸውን አልክድም፤ የምወዳቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ ፊልም ማየት የጀመርሁት አሶሳ ከተማ፣ ግድግዳው ጭቃ የተመረገ ቀርከሃ፣ ጣራው ቆርቆሮ በሆነ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። መግቢያው ሁለት ብር ነበር። ሁለት ብር የሌለው በቀርከሃው ስንጥቅ ያያል፤ የስንጥቁም ቦታ በወረፋ ነው። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከፊልሙ አንዲት ቃል አይሰማም፤ የአሶሳን ዝናብ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ቢሆንም የጎደለብን ነገር አልነበረም፤ ድሮውንም ቻይንኛ የሚያውቅ በመካከላችን አልነበረምና። ከፊተኛው አግዳሚ የሚቀመጥ አንድ ጎረምሳ እየተነሣ ይተረጉምልን ነበር። እርሱም ቻይንኛ አያውቅም። ታሪኩን በአማርኛ፣ ስድቡን በዐረብኛ፣ ቀልዱን በበርታኛ ያደርገዋል። አክተሩን፣ «እማማ፣ እስክመለስ ድረስ ማንጎውን እንዳትሸጪው!» ያሰኘው ነበር። ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያንኑ ፊልም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ባየው ጊዜ፣ ዋናው ንግግር ከዚያ ጎረምሳ ትርጉም አንሶ ታየኝ።

ይህ ፊልም ብሩስ ሊ የሠራበት «ቢግ ቦስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ታይላንድ ውስጥ ፓክ ቾንግ በምትባል ከተማ፣ ወደ መቶ ሺህ የአሜሪካ ዶላር በሚሆን ገንዘብ ተሠራ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የገጠር ልጅ እንጀራ ፍለጋ ዘመዶቹ ወዳሉበት አገር ይሄድና በበረዶ ፋብሪካ ይቀጠራል። ጠብ ላለመንካት ለእናቱ ምሏል። በበረዶው ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ተደብቆ እንደሚወጣ ያወቁ ሠራተኞች ግን አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ አለቃውም የጠየቀውን ሁሉ በመጠጥና በገንዘብ ያባብላል። እንግዲህ ወንድሙ ወርቅ ሊቆፍር ወደ ኩርሙክ ሄዶ ወሬው የጠፋበት ልጅ ከአጠገቤ ተቀምጦ ይህን ሲያይ፣ ፊልሙ ቁም ነገር የለውም የሚለው ማን ነው? ብሩስ ሊ መሐላውን ያፈረሰ ጊዜ ያ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ ቁጭ በል ያለው ሰው አልነበረም።

ወንድማችን በተለይ የነቀፈው የሥራውን ጉድለት ነው። ደሙ ደም አይመስልም፣ በረሓው የአሜሪካ በረሓ አይደለም ይላል። እውነቱን ነው። ሰርጂዮ ሌዮኔ እ.ኤ.አ. በ1964 «እፍኝ ዶላር» የተባለውን የካውቦይ ፊልም ሲሠራ በረሓው የእስፓኝ አልሜሪያ ነበር። ራሱም ጣሊያንነቱ እንዳይታወቅ «ቦብ ሮበርትሰን» ተብሎ ተጻፈ። ታሪኩንም ሳያስፈቅድ ከጃፓናዊው ከኩሮሳዋ «ዮጂምቦ» ወሰደና ተከስሶ ካሳ ተከፈለበት። እኔ ግን ይህን ባወቅሁ ቁጥር ፊልሙን ይበልጥ ወደድሁት። የጃፓን ታሪክ፣ የጣሊያን እጅ፣ የእስፓኝ አሸዋ፣ የአሜሪካ ባርኔጣ! በብዙ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ሁሉን አሟልቶ ያቀርብልህና አንተ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። በጥቂት ገንዘብ የተሠራው ግን ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳውንም የሚሞላው ተመልካቹ ነው። የእኛ ጎረምሳ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ማንጎ ተከለበት።

ይህን ስል ሁሉም መልካም ነው ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው እንደ ነበረ ይነገራል፤ እኛም ቤት ሰይጣን የገባበት ቀን ነበር። አንድ ቀን የታየው የጫካ ፊልም ነው። ነጩ ሰው ጀግና፣ ጥቁሮቹ ራቁታቸውን የሚጮኹ አውሬዎች ሆነው ቀረቡ። በአዳራሹ ውስጥ ከኋላ አንዱ፣ በድሮ ዘመን በክልላችን ሰዎች ላይ ይለጠፍ የነበረውን፣ ሁላችሁም የምታውቁትን ያን የንቀት ስም ጠርቶ ወደ አንድ የጉሙዝ ልጅ ጠቆመ። ሰው ሳቀ። አባቴ በ1977 ዓ.ም. በልጅነቱ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ነው፤ ያ ልጅ ደግሞ የክፍሌ ጓደኛ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ልጁ ፊልሙ ሳያልቅ ወጣ፤ ወደዚያም ቤት አልተመለሰም።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ያ ፊልም ባይታይ ኖሮ ስድቡ ይጠፋ ነበርን? ስድቡ ከፊልሙ በፊት በአፋችን ነበር። በሰኔ 2010 ዓ.ም. አሶሳ ውስጥ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሲሞት እኔ ገና ልጅ ነበርሁ፤ ከዚያ በኋላ በካማሺና በመተከል የደረሰውንም ሁላችሁ ታውቃላችሁ። በአንድ አግዳሚ ተቀምጦ ለአንድ አክተር ማጨብጨብ ያን ሁሉ አላስቀረም፤ ያስቀራል የሚል ካለ ያታልላል። ነገር ግን በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞውና አማራው ልጅ ማንም ሳያስገድደው ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠበት ሌላ ቤት በልጅነቴ አላየሁም። እነሆ አሁን በዩኒቨርሲቲያችን የምግብ አዳራሽ እንኳ በየአገራችን ልጆች ተከፋፍለን እንቀመጣለን። ቅዳሜ ማታ ግን መብራቱ ከጠፋ በኋላ ማን የት እንደ ተቀመጠ አይታወቅም። ወንድማችን እንዲዘጋ የጠየቀው ይህን ነው።

ለጫካው ፊልም መልስ የሚሆነኝንም ያገኘሁት ከዚያው ከርካሹ ዓይነት ነው። ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በፒትስበርግ አካባቢ፣ ወደ 114 ሺህ ዶላር በሚሆን ገንዘብ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሠራ። ደሙ የቸኮላት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ አይታወቅም። ዋናው ሰው ዱዌን ጆንስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በፊልሙ ሁሉ ስለ ቆዳው ቀለም አንዲት ቃል አይነገርም፤ ነጮቹ ሲርበተበቱ የሚያስበውና በሩን በጣውላ የሚጠርቀው እርሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ተርፎ ሲነጋ፣ ሊያድኑ የመጡ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከሙታን እንደ አንዱ ቈጥረው ይገድሉታል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት የታየ ፊልም ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገንዘባቸው እንዳይጠፋ የሚፈሩትን ነገር፣ የሚጠፋ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ደፍሮ አሳየው።

ሩቅ ሳንሄድም በካምፓላ ዋካሊጋ በሚባል የድኾች ሠፈር፣ አይዛክ ናብዋና የተባለ ዑጋንዳዊ «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚል የተኩስ ፊልም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቷል። የወጣበት ገንዘብ ከሁለት መቶ ዶላር በታች ነው ይባላል። በፊልሙ ላይ አንድ ተርጓሚ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየቀለደ ይለፈልፋል፤ ልክ እንደ አሶሳው ጎረምሳ። ይህን ባየሁ ጊዜ አንድ ቁጭት ተሰማኝ። እኛም እኮ ተርጓሚው ነበረን፤ ስልካችን ፊልም ያነሣል፤ ቀርከሃውም በደጃችን ነው።

የሮሜሮ ፊልም ስሙ ሲለወጥ የባለቤትነቱ ማስታወቂያ ስለ ተዘነጋ በአሜሪካ መብቱ ጠፍቷልና ለማሳየት የሚከፈል ገንዘብ የለም። ስለዚህ ለሚመጣው ቅዳሜ እንዲፈቀድልን፣ ከፊልሙም በኋላ ለክርክር ግማሽ ሰዓት እንዲጨመርልን ማኅበሩን እጠይቃለሁ። የጫካውም ፊልም ቢመጣ አልቃወምም፤ ክርክሩ እስካለ ድረስ። ወንድማችን እንግሊዝኛው ከሁላችን የተሻለ ስለ ሆነ፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ እንዲተረጉምልን በዚህ አጋጣሚ እለምነዋለሁ።