ለእነሱ የተፈቀደው ላንተ እስር ቤት ነው!

ወገን፣ ስማኝማ! ቶሮንቶ ተቀምጦ ካናቢስ በጨለማ ክፍል ሰቅሎ ሲያደርቅ፣ ቅጠሉን በመቀስ ሲከረክም፣ ጠርሙስ ውስጥ አሽጎ በየቀኑ እየከፈተ ሲያናፍስ ቪዲዮ የሚለቅልህን ሰው አትከተል። ካናዳ በፈረንጆቹ 2018 ሕጓን ቀይራ በአንድ ቤት 4 ተክል ፈቅዳለታለች። ጀርመንም በ2024 ለአንድ አዋቂ 3 ፈቅዳለች። አንተስ? በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ዕፀ ፋርስ የሚያበቅልና የሚያዘጋጅ ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። እሱ ላይክ ይሰበስባል፣ አንተ ችሎት ትቆማለህ፣ እናትህ ስንቅ ታመላልሳለች።

«ቅጠል እኮ ነው» ይሉሃል። አስተናግርም ቅጠል ነው!

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ትዕግሥት የኛው ቡናም ይፈልገዋል። ቀዩ እሸት ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ቶሎ ቶሎ እየተገላበጠ፣ ከቀትር ፀሐይና ከሌሊት ጤዛ እየተሸፈነ፣ እርጥበቱ 11 በመቶ አካባቢ እስኪወርድ ሳምንታት ይፈጃል። መሬት ላይ የተሰጣው አፈር አፈር ይላል፣ ገዢም ዋጋ ይሰብርበታል። ገበሬው የለፋበት እዚህች ጋ ይበላሻል! ቪዲዮ መሥራት ከቻልክ የጅማንና የይርጋጨፌን ቡና አድራቂዎች ቅረጽና ላክልን፣ እዚሁ ገጽ ላይ እንለጥፈዋለን።