«ኪኒኑን ተይው» ማለት ተወኩል አይደለም



ይህ ወሬ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አንዲት እህት በቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የልቤ ምት ይዛባል፣ ሐኪም ዋርፋሪን አዞልኛል፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ብላ ትጽፋለች። ዱዓው ይመጣል፣ አልሐምዱሊላህ። ከዱዓው ጋር ግን ሌላም ይመጣል። «እሱ እኮ የአይጥ መርዝ ነው!» «ኪኒን ልብ ያደክማል፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ውሰጂ።» «ዐይን ነው፣ ሩቅያ አስቀሪ፤ መድኃኒቱን ተይውና በአላህ ተወከይ።» ከመላሾቹ መካከል አንድም ሐኪም የለም። ሁላችንም ፈርደን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ነገ ግማሽ አካሏ አልንቀሳቀስ ቢል ግን አልጋዋ አጠገብ የምትገኘው እናቷ እንጂ እኛ አይደለንም።

በግልጽ እንነጋገር። ይህ ያለ ዕውቀት በሰው ነፍስ ላይ መፍረድ ነው፤ ተወኩል ብለን ልንጠራው አይገባም።

አቡ ዳዉድ ከጃቢር በዘገቡት ሐዲሥ ውስጥ የምናውቀው ታሪክ አለ። አንድ ሰው በጉዞ ላይ ጭንቅላቱን ድንጋይ ፈንክቶታል። ከዚያም ጀናባ ሆነ። ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ባልደረቦቹን ጠየቀ። እነሱም ውሃ እያለ አይቻልህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ እንደገደሉት አድርገው ነው የተቆጧቸው፤ ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁም ወቀሷቸው። ልብ በሉ! እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ለዲን የቆሙ መስሏቸው ነበር። መልካም ኒያቸው ግን ከወቀሳው አላዳናቸውም። እኛስ ስልካችን ላይ ተቀምጠን «ተይው» ስንል ከማን እንበልጣለን?

ያ ኪኒን ምን እንደሚሠራ እንኳ አናውቅም። የልብ የላይኛዎቹ ክፍሎች በሥርዓት መምታታቸውን ትተው ሲርገበገቡ፣ ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት ማለት ነው፣ ደም በውስጣቸው ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ቁራጭ ከልብ ተነስቶ አንጎል ውስጥ ከተቀረቀረ ስትሮክ ይሆናል። «የሽማግሌ በሽታ ነው» ብለንም አንለፈው። በአገራችን በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚጀምረው ሩማቲክ የልብ ሕመም የልብን በር እያበላሸ ብዙ ወጣቶችን፣ በተለይ እህቶችን፣ ለዚህ ይዳርጋል። ዋርፋሪን የሚታዘዘው ደሙ እንዳይረጋ ነው። ደም ሲረጋ ደግሞ አያምም፣ አይቆረቁርም። ስለዚህ «ተሽሎኛል፣ ልተወው» የሚለው ስሜት ምንም ማስረጃ አይሆንም።

«የአይጥ መርዝ» የሚለውስ? እውነት ነው፣ ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ወጥቷል። በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቅዷል። ልዩነቱ መጠኑና ክትትሉ ነው። ለዚህ ነው በሽተኛው በየጊዜው አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ የሚያደርገው። ለአብዛኞቹ በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ሲያንስ የመርጋት አደጋ፣ ሲበዛ የመድማት አደጋ አለ። ግማሽ እውነት ይዞ በሽተኛን ማስደንገጥ ከውሸት አይሻልም።

አሁን «ሱናን ትቃወማላችሁ» የሚለን አይጠፋም። አዑዙ ቢላህ! ሒጃማን፣ ማርን፣ ጥቁር አዝሙድን፣ ሩቅያን አንቃወምም። ግን ደም ማቅጠኛ የሚወስድን ሰው ሳይጠይቅ በምላጭ የሚበጣ ሒጃማ ሠሪ፣ ደሙ አልቆም ሲል ምን ሊያደርግ ነው? ጥቁር አዝሙድን በብዛት ወይም በዘይት መልክ መውሰድም የመድማቱን አደጋ ሊጨምር ስለሚችል ለሐኪም መነገር አለበት። ቁርኣን ማስቀራት ግን ከኪኒን ጋር አይጣላም። ማን ነው አንዱን ለማግኘት ሌላውን ጣሉ ያለን? ሳይታወቅበት ሐኪም ሆኖ ሰውን ያከመ ለጉዳቱ ተጠያቂ እንደሆነም በሐዲሥ መጥቷል። በየግሩፑ ለልብ በሽታ ቅመም የምትሸጡ ወንድሞች ይህን አስቡበት።

ረመዷን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ብዙዎች ማንንም ሳያማክሩ ኪኒኑን ለሠላሳ ቀን ያቆማሉ። አላህ በሱረቱል በቀራ ለበሽተኛ ሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለት ሳለ፣ እኛ «ጎበዝ ነው፣ ታሞም ይጾማል» እያልን እናሞግሳለን። በቀን አንዴ የሚወሰድን መድኃኒት ወደ ኢፍጧር ማዞር ብዙ ጊዜ ይቻላል። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ ከረመዷን በፊት ሳምንታት ቀድሞ ይጠየቅ። አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎልን የመሰሉ ምት የሚያረጋጉ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ምቱ መልሶ ሊፈጥን ይችላል። ያመለጠን ለማካካስ በአንዴ ሁለት መዋጥም አደጋ ነው፤ በተለይ ዲጎክሲን ከመጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ራሱ ልብን ያዛባል።

ታዲያ ለታመመች እህታችን ምን እንበላት? «ኪኒንሽን በሰዓቱ ውሰጂ፣ ቀጠሮሽን አትለፊ» እንበላት። ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ ሕመም አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ከሱቅ ገዝታ እንዳትውጥ፣ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላትም ዋርፋሪን እንደምትወስድ እንድትናገር እንንገራት። ጎመን ሐራም አልሆነባትም፤ አንድ ሳምንት በብዛት፣ አንድ ሳምንት ጭራሽ እንዳይሆን እንጂ። ለማርገዝ ካሰበች ቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፣ ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ይችላልና። በራሷ ግን አታቁም። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንቷ ከቀላ፣ ፊቷ ከተጣመመ፣ እጇ ከዛለ ወይም ምላሷ ከተሳሰረ ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ግሩፕ አትሩጥ። ወንድሞችም ጫት የልብን ምት እንደሚያፈጥን እያወቃችሁ የልብ ሕመምተኛ ጓደኛችሁን «አንዴ ብቻ» እያላችሁ አትጎትቱት።

ፍትሕ እንናገር ከተባለ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በሁለት ደቂቃ ወረቀት ጽፎ «ቀጣይ!» የሚል ሐኪምም አለ። ሰው ያልተብራራለትን መድኃኒት ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ያገኘውን ይሰማል። ስለዚህ ጠይቁ፤ ለምን እንደታዘዘ፣ ከምን ጋር እንደማይሄድ፣ ቢረሳ ምን እንደሚደረግ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጀማዓችንን እንጠይቃለን። ከገጠር ከተማ ድረስ ለአይኤንአር ምርመራ የሚመላለሱ ድሆች አሉ። የትራንስፖርትና የምርመራ ብር አጥተው ነው ቀጠሮ የሚቀሩት። ምክር ለመስጠት የተሽቀዳደምነውን ያህል የአንድ ሰው የወር መድኃኒትና መሳፈሪያ ለመሸፈን ብንሽቀዳደም፣ እሱ ሰደቃ ይሆንልናል። ምክሩ ግን ነገ አላህ ፊት ሊያስጠይቀን ይችላል።

ካላወቅን ዝም እንበል። ዝም ካላልን «ሐኪምሽን ጠይቂ፣ እኛ ዱዓ እናደርጋለን» እንበል። ይህችው ትበቃለች።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፣ ምላሳችንንም ከማያውቀው ይጠብቅልን። አሚን።