ኪሊማንጃሮን በሌሊት መውጣት፦ ውሳኔው ግን በቀን ይሁን

በታንዛኒያ የሚገኘው የኪሊማንጃሮ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 5,895 ሜትር ከፍታ አለው። ወደ ጫፉ የሚጓዙ ሰዎች የመጨረሻውን ዳገት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። በግንባራቸው ባሰሩት መብራት እየተመሩ ስድስት ሰባት ሰዓት ሽቅብ ይወጣሉ። ሌሊት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚንሸራተተው ጠጠር በብርዱ ይጠነክራል፣ ንጋት ላይ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ይሆናል፣ ለመውረድም የቀን ብርሃን ይተርፋል።

ይህን ጉዞ የምናስብ ኢትዮጵያውያን ግን «እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ ከፍታ አይበግረንም» በሚል እምነት እንዳንታለል እሰጋለሁ። እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል መሪነት የታተመ ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠንና በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ግኝቱ በእርግጥም አስደናቂ ነው። ይሁን እንጂ ጥናቱ የተደረገው በዚያው ከፍታ በሚኖሩ የአገሬው ተወላጆች ላይ ነው። በዱባይ ወይም በለንደን ለዓመታት የኖረ ሰው ሰውነት የለመደው የቆላውን አየር ነው። ከፍታን መላመድ በቀናት የሚገኝ፣ ከከፍታው ሲርቁም በሳምንታት ውስጥ የሚጠፋ ነገር ነው።

ደግሞም የኪሊማንጃሮ ከፍታ ከእኛ ተራሮች ይለያል። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ገደማ ነው፤ በማራንጉ መንገድ የሌሊቱ ጉዞ የሚነሣበት የኪቦ ማረፊያ ግን 4,720 ሜትር ላይ ይገኛል። ጉዞው የሚጀምረው በአገራችን ካለው ከፍተኛ ቦታ በላይ ነው ማለት ነው። ጫፉ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

የሕክምና ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመርን ይመክራሉ። በማራንጉ የአምስት ቀን ጉዞ ግን መንገደኛው በ2,720፣ በ3,720 ከዚያም በ4,720 ሜትር ያድራል፤ ጭማሪው በየቀኑ 1,000 ሜትር ነው። የስድስት ቀን ጉዞ የሚመርጥ ሰው በመካከለኛው ማረፊያ አንድ ሌሊት ይጨምራል። ተጨማሪው ቀን ገንዘብ ያስወጣል፤ ሆኖም በእኔ አስተያየት ከውድ ጫማና ከውድ ካፖርት በፊት ሊገዛ የሚገባው እርሱ ነው።

ሌላም ብርቱ ምክንያት አለ። ኦክስጅን ሲያንስ የሚደክመው እግር ብቻ አይደለም፤ አእምሮም ይደክማል። መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት፣ ዐርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር የከባድ ሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ዋናው መድኃኒታቸውም ሳይዘገዩ መውረድ ነው። ነገር ግን ታማሚው ራሱ «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» ሊል ይችላል። ስለዚህ «ይህ ምልክት ከታየ እንመለሳለን» የሚለው ስምምነት ጭንቅላት ንጹሕ በሆነበት በቀን፣ ከመንገድ መሪው ጋር ሊደረግ ይገባል። ሌሊት ላይ መሪው «ተመለስ» ካለ ክርክር የለም።

መመለስ ውርደት አይደለም። የተራራውን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደረገጡ ከሚታወቁት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ሐንስ ማየር እ.ኤ.አ. በ1887 በረዶው ፊት ደርሶ ተመልሷል፤ የተሳካለት በ1889 ነበር። የተራራው መሪዎች በስዋሂሊ «ፖሌ ፖሌ» ይላሉ፤ ቀስ በቀስ እንደ ማለት ነው። እኛም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልን ያደግን ነን። ተራራው ነገም በቦታው አለ፤ የምንጠብቀው እኛ በደኅና መመለሳችንን ነው።