ለአረጋውያን ሥራ ስለ መስጠት

በአገራችን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሞልቶት በጡረታ ሲሰናበት ባልደረቦቹ ገንዘብ አዋጥተው ካባ ያለብሱታል፤ የምስጋናውን ወረቀት በመስተዋት አስገጥመው ይሰጡታል፤ አለቃውም ተነሥቶ ስለ ትጋቱና ስለ ቅንነቱ፣ በሥራ ላይ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ያልነገረውን ምስጋና ሁሉ ያወርድለታል። በማግሥቱ ግን ያ ሰው ከደጃፉ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ከመሞቅ፣ ቀብር ከመሸኘትና ዜና ከማዳመጥ በቀር ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያስብለት፣ «በዚህ ቦታ እንፈልግሃለንና ና» ብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት፣ ደብር ወይም ትምህርት ቤት ማግኘት ብርቅ ነው። አረጋውያንን ማክበር ከአበው የወረስነው ደግ ልማድ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ዳሩ ግን ያከበርነውን ሰው ሥራ ፈት አድርገን ማስቀመጣችን ክብሩን ከግማሽ በላይ የሚቀንስበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን እምነቴን ያጸናልኝ፣ ልጄ በምትኖርበት በሶልት ሌክ ሲቲ በእንግድነት በሰነበትሁበት ጊዜ የጎረቤቶቿን የአንድ ባልና ሚስት የአገልግሎት ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ በቅርብ ማየቴ ነው። ከተማዪቱ የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው፣ ሕዝቡም ሞርሞን እያለ የሚጠራው የሃይማኖት ማኅበር መንበር ናት። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1830 በኒውዮርክ ግዛት በጆሴፍ ስሚዝ ተመሥርቶ፣ መሥራቹም ከተገደለ በኋላ ብሪገም ያንግ ምእመናኑን እየመራ በ1847 በታላቁ የጨው ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ሸለቆ አገባቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ስማቸው የተጻፈበትን ጥቁር ምልክት በደረታቸው አድርገው ሁለት ሁለት ሆነው የሚዞሩትን ወጣት መልእክተኞቻቸውን ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋል። ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ፣ ራሳቸው የሸበተ ባልና ሚስትም በአንድነት እንዲህ ያለውን ተልእኮ ተቀብለው ከቤታቸው የሚወጡ መሆናቸውን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዘመኑ እንደየአቅማቸው 6፣ 12፣ 18 ወይም 23 ወር ነው፤ ወጪውን የሚችሉት ራሳቸው ናቸው፤ የቤት ኪራያቸው ብቻ በወር ከ1,400 ዶላር እንዳያልፍባቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ተወስኖላቸው ነበር። ደግሞም እንደ ወጣቶቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በር እንዲያንኳኩ አይገደዱም፤ አንዱ ጥንድ በጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በእርዳታ ሥራ፣ አንዱ በመዝገብ ቤት ይመደባል።

ጎረቤቶቻችን የመጡት ድንች በብዛት ከሚመረትበት ከአይዳሆ ነበር፤ ባልየው በዚያው በድንች እርሻ ያረጁ ገበሬ፣ ሚስትየዋ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እርሻውን ለልጃቸው ትተው፣ ከልጄ ቤት በታች ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ልጄ በአገሯ ወግ አባባና እማማ እያለች ትጠራቸዋለች፤ እነርሱም ቃሉን ስለ ወደዱት በዚያው ጸንቷል። ሰኞ የዝግጅት ቀናቸው ስለ ሆነ ልብስ ያጥባሉ፣ አስቤዛ ይገዛሉ፣ ለልጅ ልጆቻቸውም በስልክ ይደውላሉ። በዚያ ሃይማኖት ልጅ የሚጠመቀው ስምንት ዓመት ሲሞላው ነውና፣ እማማ የመጨረሻው የልጅ ልጃቸው ሲጠመቅ በአካል ባለመገኘታቸው ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። ተልእኮው ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን የተረዳሁት ከኪራዩ ይልቅ በዚህ ነው።

ከማክሰኞ ጀምሮ የሚያገለግሉት ከማኅበሩ ቤተ መቅደስ አደባባይ ፊት ለፊት ባለው የትውልድ ሐረግ ቤተ መጻሕፍት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1894 የተመሠረተ፣ የዛሬው ሕንፃው በ1985 የተከፈተ ሲሆን፣ ሃይማኖቱን ሳይጠየቅ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይገባበታል። ከ1938 ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገሮች መዛግብት በማይክሮፊልም የተነሣው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ጽሑፍ 2.4 ሚሊዮን ያህል ጥቅል ደርሶ፣ ዋናው ፊልም ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ተራራ ሆድ ውስጥ፣ ከዐለት በተፈለፈለ ዋሻ ተቀምጧል፤ ፊልሙን ወደ ዲጂታል የመለወጡም ሥራ በ2021 ተፈጽሟል። እኔ በሄድሁበት ቀን እማማ አንዲት ከሩቅ የመጣች ሴት አጠገብ ተቀምጠው የመርከብ መንገደኞችን መዝገብ ያነቡላት ነበር። ጽሕፈቱ በጥድፊያ የተሞነጫጨረ፣ ቀለሙ የፈዘዘ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን የተማሪና የመምህር እጅ ጽሕፈት ሲፈቱ የኖሩት እማማ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ ሴትዮዋ ፈልጋ ያጣችውን የአያቷን ስም በሌላ ፊደል ተጽፎ አገኙላት። አባባ በበኩላቸው፣ ጣቶቻቸው ከአፈርና ከትራክተር ጋር ሲታገሉ ደንድነው የኮምፒዩተር ማውስ እንደ ልብ ስለማይታዘዝላቸው፣ በበሩ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ፣ ወንበር ያቀርባሉ፣ የት እንደሚሄድ ግራ የገባውንም ሰው እስከ ቦታው ያደርሱታል። ሁለቱም በሚያውቁበትና በሚችሉበት ሥራ መመደባቸውን ሳይ የመዳቢውን ማስተዋል አደነቅሁ።

አንድ ምሽት ልጄ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው። እጣኑን አሸተቱ፣ ቆሎውን እስኪያልቅ በሉ፣ ስኒውን ግን በትሕትና መለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1833 ከተሰጣቸው ትእዛዝ የተነሣ ቡናም ሻይም የሚያሰክር መጠጥም አይቀምሱምና። ቡና የማይጠጣ ጎረቤት ለኛ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያውቀዋል፤ ልጄ ግን ከዚያ ወዲህ ለእነርሱ ትኩስ ወተት ማቅረብ ለመደች።

ቅዳሜ ዌልፌር ስኩዌር ወደሚባለው ስፍራ ተከተልኋቸው። ይህ ግቢ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የተቋቋመ፣ ከ50 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የእህል ጎተራ፣ ዳቦ ቤት፣ የወተት ማቀነባበሪያና የምግብ ማደያ ያለበት ነው። ችግረኛው የሰበካውን አለቃ ደብዳቤ ይዞ ይመጣና የሚያስፈልገውን ይቀበላል፤ ገንዘብ አይከፍልም፤ አቅም ያለው ከሆነ ግን በፈንታው ጥቂት ሰዓት እንዲሠራ ይጠየቃል። አለቃውን ኤጲስ ቆጶስ ይሉታል፤ ደመወዝ የሌለው፣ ባለትዳር፣ በሥራ ቀን ምናልባት ጥርስ ሐኪም ወይም ባለሱቅ የሆነ ሰው ነውና ስሙ የኛን ሰው እንዳያሳስተው።

በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ጾም ነው። ጾማቸው እንደ እኛ ከጥሉላት መከልከል ሳይሆን ሁለት ጊዜ ማዕድ ትቶ ከእህልም ከውኃም መታቀብ ነው፤ የተረፈው የምግብ ዋጋም ለነዳያን ይሰጣል። አባባ በዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በወጣትነታቸው ስለ ኢትዮጵያ መጾማቸውን ነገሩኝ፤ እኔም መረመርሁት፤ እውነት ነው። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ የማኅበሩ መሪዎች በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ምእመናን ጥር 19 ቀን፣ ማለት እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 27 ቀን 1985፣ ልዩ ጾም እንዲጾሙ አወጁ፤ ከዚያ ቀን ጾም የተሰበሰበው ገንዘብ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኤም. ራስል ባላርድ የተባሉት መሪያቸው ሁኔታውን ለማየት ወደ አገራችን መጡ። የዛሬው የማኅበሩ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ሥራ መነሻውን ከዚህ ጾም ይቈጥራል። ስለ ተራቡት ወገኖቼ የተጾመ ጾም ነውና ምስጋናዬን አልነፍግም፤ ይህ ማኅበር እስከ እ.ኤ.አ. 1978 ድረስ የአፍሪካ ዘር ያለበትን ሰው ከክህነት ይከለክል እንደ ነበረም ዝም ብዬ አላልፍም። እገዳው በተነሣ በሰባተኛው ዓመት ለጥቁር ሕዝብ መጾማቸውን እንደ ንስሐ ፍሬ ልቈጥርላቸው እወዳለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ግምት እንጂ እነርሱ የተናገሩት አይደለም።

በትምህርተ ሃይማኖት ረገድማ ከእነርሱ ጋር የሚያገናኘኝ ጥቂት ነው። የትውልድ ሐረግ በዚህ ሁሉ ድካም የሚፈልጉት፣ ሕያዋን ስለ ሙታን ተጠምቀው ማዳን ይቻላል ብለው ስለሚያምኑ ነው፤ በዚህም የተነሣ በናዚዎች እጅ ያለቁት አይሁድ ስም ሳይቀር ለጥምቀት ቀርቦ ታላቅ ቅሬታ ስላስነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ስማቸው ከመዝገቡ እንዲወጣ ከአይሁድ ማኅበራት ጋር ተስማምተዋል። ሙት የሆነውን ሰው ሳይጠይቁ በእምነታቸው መዝገብ መጻፍ ለእኔ ድፍረት ነው። ይሁን እንጂ ዓላማውን የማልቀበለው ሰው ሥርዓቱን ያማረ አድርጎ ሲሠራ ባይ፣ ሥርዓቱን መመርመር አያስነውረኝም።

ባልና ሚስት በአንድነት ለወንጌል ማገልገላቸው ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በግብረ ሐዋርያት 18ኛ ምዕራፍ የተጻፉት አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን እየሰፉ በእጃቸው ድካም ይተዳደሩ፣ ቅዱስ ጳውሎስንም በቤታቸው ያስተናግዱ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ የነበረውን አጵሎስን ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው ያስረዱትም ሁለቱ ናቸው። በእኛ ዘንድ ከጥንት የጸናው የእርጅና ሥርዓት ግን ሌላ ነው፤ ልጆቻቸውን ድረው ኩለው የጨረሱ ባልና ሚስት፣ ፈቃደ እግዚአብሔር ያሳሰባቸው እንደ ሆነ፣ ተስማምተው ይለያያሉ፤ እርሱም ቆብ ደፍቶ ወደ ወንዶቹ ገዳም፣ እርሷም ወደ ሴቶቹ ገዳም ይገባሉ፤ የቀረ ዘመናቸውን በጾምና በጸሎት ይፈጽሙታል። ከዓለም ተለይቶ ስለ ዓለም መጸለይ ታላቅ ተጋድሎ ነውና አላቃልለውም። ነገር ግን ወደ ገዳም ለመግባት ጥሪው የሌላቸው፣ ከትዳራቸውም ሳይለያዩ በእግዚአብሔር ፊት ጠቃሚ ሆነው ማርጀት የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው፤ ለእነዚህ የተዘጋጀ መንገድ አላየሁም።

መንግሥትም ቢሆን ለአገልግሎት ሲጠራ የኖረው ወጣቱን ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር የሚልከው አገልግሎት፣ ከዚያም በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ሁለቱም በይበልጥ ገና ትምህርቱን ያልፈጸመውን ልጅ ወሰዱ፤ ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ጡረታ የወጣውን መምህር፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ይዞ የተሰናበተውን ጸሐፊ ግን ማንም አልጠራውም። በሶልት ሌክ ያየሁት ሥርዓት ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ ለባልና ሚስቱ በስማቸው ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ በደብዳቤውም ቦታው፣ ሥራውና የሚያበቃበት ጊዜ ተለይቶ ተጽፏል። ሽማግሌ ሰው ልቡ የሚፈራው ማለቂያ የሌለውን ግዴታ ነውና፣ ሲያበቃ በክብር እንደሚሰናበት ካወቀ እሺ ለማለት አይቸገርም።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው የድህነት ነው፤ የአሜሪካ ጡረተኛ ቤቱን ዘግቶ በራሱ ወጪ ይሂድ፣ የእኛ ጡረተኛ ግን አበሉ ለጤፍም አይበቃውም ይባላል። ትክክል ነው፤ ስለዚህም የምለምነው ከቤቱ እንዲወጣ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን እንዲሠራ፣ የታክሲውንና የምሳውን ዋጋም የሚጠራው ክፍል እንዲችልለት ነው። ሁለተኛው ብርቱ ነው፤ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ሽማግሌው በነጻ ከሠራ የወጣቱን እንጀራ ይነጥቃል የሚል። ይህ እንዳይሆን ለአረጋውያን የሚሰጠው ሥራ ዛሬ ማንም ደመወዝ የማይከፍልበት፣ ስለዚህም ማንም የማይሠራው ሊሆን ይገባል፤ ይህም ሞልቷል። በሆስፒታል ደጅ ከገጠር የመጣ በሽተኛ ካርድ ማውጫው የት እንደ ሆነ የሚያሳየው አጥቶ ሲጉላላ ይውላል። ፊደል ያልለየ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስነብበው የለውም። የብራና መጻሕፍቶቻችን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ብዙ ዓመት ተቀምጠው ዝርዝራቸውን ሲጽፉ፣ የየአጥቢያው የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ግን አስታዋሽ አጥቶ፣ በዕቃ ቤት ጥግ እርጥበትና አይጥ እየተካፈሉት ይገኛል፤ አንድ ጡረተኛ ባል ገጹን እየገለጠ፣ ጡረተኛ ሚስቱ በስልኳ ካሜራ እያነሣች በአንድ ዓመት ሊያድኑት ይችሉ ነበር።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤ ሊቃነ መናብርት፣ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች፣ ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ በመጪው መስከረም በአካባቢያችሁ ካሉት ጡረተኞች መካከል አንድ ባልና ሚስት ምረጡ፤ የሚያውቁበትን ሥራ ጠይቋቸው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሚያበቃበትን ወር በደብዳቤ ጽፋችሁ፣ ማኅተም አትማችሁ፣ በሁለቱም ስም ላኩላቸው።