ጣታችንን ቀለም ውስጥ ከመንከራችን በፊት

የቡልቡላ፣ የባቱና የአዳሚ ቱሉ ሽማግሌዎች፣ እኩዮቼ፤ ይህን የምለው ለልጆቻችን አይደለም፤ ለእኛው ነው። ትልቅ ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር አስቀድመው የሚጠሩት እኛን ነው። አዳራሽ ገብተን ከፊት እንቀመጣለን፤ «ለሚጠፋው ዛፍና ግጦሽ ማካካሻ ይደረጋል» ይባልልናል፤ ከዚያ የስም ዝርዝር ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መገኘታችንን ብቻ የሚመዘግብ ይመስለናል። ከፕሮጀክቱ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ጀርባ አባሪ ሆኖ ከተያያዘ በኋላ ግን ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማማ ሊባልበት ይችላል። እለምናችኋለሁ፤ ማካካሻው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚውልና መቼ እንደሚጀመር ሳይጻፍ ማናችንም አንፈርም።

ልማት አልጠላሁም። የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ቲማቲሙና ወተቱ መንገድ ላይ ከሚበላሽ እዚሁ ይቀነባበር የሚለውን ሐሳብ ዛሬም እደግፋለሁ። የምፈራው ለሚቀጥለው ፋብሪካ፣ ለሚቀጥለው እርሻ፣ ለሚቀጥለው መንገድ በማካካሻ ስም የሚሠራውን ሒሳብ ነው።

የውሃችንን መንገድ እናውቀዋለን። መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ከታር ከአርሲ ወርደው ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ዝዋይ ጥልቀት የለውም፤ እንደ ገንቦ ሞልቶ የተረፈው ብቻ ነው ቡልቡላ ወንዝ ሆኖ ወደ አብያታ ሐይቅ የሚወርደው። ላይ ጥቂት ከጎደለ ታች ጨርሶ ይቆማል። አብያታ መውጫ የለውም፤ ከእኛ ወንዝና ከላንጋኖ በሆራ ከሎ ወንዝ በኩል የሚደርሰው ውሃ ከቀረበት የሚያቆየው ነገር የለም። በ1960ዎቹ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከግማሽ በታች ወረደ። ለሽንኩርትና ለቲማቲም የሚስበው ፓምፕ፣ የአበባ እርሻው፣ ከሐይቁ ራሱ ለሶዳ አሽ የሚቀዳው፣ የዝናቡም መዛባት ተደማምረው ነው። እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነበር። ዳሩን ሄዳችሁ እዩት፤ ውሃ የነበረበት ሜዳ ነጭ ቅርፊት አውጥቷል፤ ነፋስ ሲነሳ ያ አቧራ ዓይን ያቃጥላል። ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች አብያታ ይመገቡ ነበር፤ አሁን ዓሣ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ይበራሉ።

ለዚህ ማካካሻው የትኛው ችግኝ ነው? ችግኙ ሐምሌ ላይ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል። ጥር ላይ ተመልሳችሁ እዩ፤ ፍየል ያስቀረው ዘንጉን ነው፤ ሲነቅሉት ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ከነሥሩ የሚወጣም አለ። እኛ የምናጣው ግራር ግን ሣሩ ሁሉ ሲደርቅ ፍሬውን ለፍየልና ለከብት የሚያራግፍ ዛፍ ነው፤ እንደዚያ ለመሆን የሰው ዕድሜ ፈጅቶበታል። በምትኩ ሌላ ወረዳ ባሕር ዛፍ ቢተከልልን የእኛ ከብት ምን ያገኛል?

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። «ማካካሻው አብያታ ሻላ ፓርክን መጠበቅ ነው» ብለው ቢጽፉልን ደስ ሊለን ይችላል። ፓርኩ ግን ከተቋቋመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ 887 ካሬ ኪሎ ሜትሩን መጠበቅ ቀድሞም የመንግሥት ግዴታ ነው። ቀድሞ የነበረን ዕዳ እንደ አዲስ ክፍያ ቆጥሮ የሚሰጥ ምንም አልሰጠም። አዲስ ነገር ይምጣ፤ ያለዚያ ካሳ አይባልም።

ሸክሙ በማን ትከሻ እንደሚወድቅም አስቡ። ማዳጋስካር ውስጥ አምባቶቪ የሚባል የኒኬል ማዕድን ማውጫ ለቆረጠው ደን ሌላ ደን በመጠበቅ አካክሷል፤ የተመራማሪዎች ልኬትም የደን ጭፍጨፋው መቀነሱን አሳይቷል። ይሁንና ከደኑ እንዳይደርሱ የተከለከሉት በአካባቢው ያሉ ድሃ ገበሬዎች ናቸው፤ ወጪው እነሱ ላይ ወድቋል። እኛም ዘንድ ግጦሽ ታጥሮ ማካካሻ ቢባል አጥሩ የሚያርፈው በከብት አርቢው ላይ ነው።

በደንብ የተሠራም አለ። ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ 2,728 ሔክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ ከመሬት በታች የቀረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ፤ የአገሬው ዛፍ ተመለሰ፤ ከካርበን ሽያጩም ገንዘቡ ለገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገባ። ቦታው የራሳቸው፣ ዛፉ የራሳቸው፣ ገንዘቡም የራሳቸው ነበር። እኛም ከዚህ ያነሰ መቀበል የለብንም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ከዓለም አቀፍ አበዳሪዎች በሚወሰድ ብድር ላይም ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ጉዳቱን ማስቀረት፣ ካልሆነ መቀነስ፣ ከዚያ የተጎዳውን መጠገን፣ ማካካሻ መጨረሻ ላይ። እኛ ጋ ግን ማካካሻው መጀመሪያ ይነገረናል፤ ፋብሪካው ውሃ ሳይነካ ሌላ ቦታ መቆም ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሪፖርቱ በኦሮምኛ ተጽፎ አስቀድሞ እንዲደርሰን እንጠይቅ፤ የተማሩት ልጆቻችን መስመር በመስመር ያንብቡልን። ፕሮጀክቱ ከወንዙ በየወሩ ስንት እንደሚቀዳ፣ ስንት እንደሚመልስ፣ በቡልቡላ ድልድይ ሥር የሚያልፈውን ውሃ ማን እንደሚለካው ይጻፍ። ማካካሻውም ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ይጀመር። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ካልያዝን የስም ዝርዝሩ ወረቀት ሲደርሳችሁ ሳትፈርሙ ከጎናችሁ ላለው አሳልፉት፤ እሱም እንዲያሳልፈው ንገሩት።